በአቧራና በድንጋይ መካከል

ዲላ ገበያ ወጥታችሁ «ማዳበሪያ አለህ?» ብትሉ ነጋዴው ዩሪያ ሊሰፍርላችሁ አይነሣም፤ ከበስተጀርባው ከተቆለለው ክምር አንድ ባዶ ከረጢት መዝዞ፣ አራግፎ ያቀብላችኋል። «ማዳበሪያ» የምንለው ቃል በአማርኛችን ሁለት አካል ይዟል። አንደኛው መሬትን የሚያዳብረው ነጭ ወይም ግራጫ ፍሬ ነው። ሁለተኛው ያ ፍሬ ታጭቆ ከባሕር ማዶ የመጣበት፣ ከፕላስቲክ ክር የተሸመነው ከረጢት ነው። ከረጢቱ ሆዱን አራግፎ ስሙን ወረሰ። የቀድሞውን ጆንያ ከገበያው ገፍቶ ካስወጣ ወዲህ በቆሎውም፣ ድንቹም፣ ከሰሉም፣ እሸት ቡናውም «በማዳበሪያ» ይቆጠራል።

በጌዴኦ ምድር ይህ ነገር ከቃል ጨዋታ ያልፋል። ከረጢቱ በየጓሮው ገብቷል፤ ይዘቱ ግን በቡናውና በእንሰቱ ጥላ ሥር እምብዛም አልደረሰም። የጌዴኦ ገበሬ እንሰቱንና ቡናውን ሲመግብ የኖረው ከዛፍ በሚረግፍ ቅጠል ነውና። ከረጢቱ ለምን ባዶውን እንደሚመጣ ሳስብ ስለ ይዘቱ ማንበብ ጀመርሁ፤ ሳነብም ያልጠበቅሁት ታሪክ ገጠመኝ። የሰው ልጅ ማዳበሪያን በፋብሪካ መሥራት ከቻለ በኋላ ብዙ ዘመን የታገለው ምርቱን ለማብዛት ብቻ አልነበረም፤ የተመረተው ፍሬ፣ ፍሬ ሆኖ እንዲቆይም ነበር። ወደ አቧራ እንዳይበተን፣ ወደ ድንጋይም እንዳይጋገር። በዚህ ትግል መካከል ከተሞች ፈርሰዋል። (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፤ ነገሩ ከወዲያ ማዶ የመጣ ስለ ሆነ በሁለት አቆጣጠር መካከል ከመመላለስ ይሻላል።)

ነገሩን ለመረዳት ከማዳበሪያው በፊት ጨው ይቀድማል። በክረምት የጨው ዕቃ የከፈተች እናት ሁሉ ሕጉን ታውቀዋለች። ጨው በሐምሌ ያልበዋል፤ ይወዛል። ፀሐይ ብልጭ ባለች ጊዜ ደግሞ ደርቆ ይጠጥራል፤ ማንኪያ አላስገባ ይላል። አባቶቻችን በአሞሌ ሲገበያዩ ይህ ጠባይ የወጥ ቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የገንዘብ ጉዳይ ነበር። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል፣ ከመነሻውም በራቀ ቁጥር ዋጋው ሲንር አይቶ ጽፏል። ከአፋር ረባዳ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ደጋ የወጣ አሞሌ፣ ሌባ ብቻ ሳይሆን ዝናብም የሚሰርቀው ሀብት ነበር። ባለ አሞሌው ደረቅ ቦታ ፈልጎ፣ ምድጃ ዳር ጭስ በሚደርስበት ያስቀምጠው የነበረውም ለዚህ ነው። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለሰው ምክር ነው። እኔ ግን ተረቱን መጀመሪያ የተናገረው ሰው፣ ጨው በክረምት ወደ ድንጋይነት ሲመለስ በዐይኑ ያየ ይመስለኛል።

ሕጉ እንዲህ ነው። ውሃ የሚያሟማው ፍሬ ሁሉ የየራሱ የእርጥበት ወሰን አለው። የአየሩ እርጥበት ከዚያ ወሰን በታች ሲሆን ፍሬው ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ሲያልፍ ግን ከአየር ውሃ መጠጣት ይጀምራል። የገበታ ጨው ወሰን 75 በመቶ ገደማ ነው። ዩሪያም፣ የሚገርመው፣ እዚያው ግድም ነው፤ በ30 ዲግሪ ሙቀት ከ70 እስከ 75 በመቶ ባለው ውስጥ ይውላል። ስለዚህ የጨው ዕቃዋ ያላበው የደጋ እናት በዚያው ሰዓት መጋዘን ውስጥ ያለው ዩሪያም እንዳላበው ልትነግረን ትችላለች። ዳፕ የሚባለው ከ80 በመቶ በላይ ይታገሣል። አሞኒየም ናይትሬት ግን 60 በመቶ ሳይሞላ እጁን ይሰጣል። ሁለት ዓይነት ፍሬ ሲደባለቅ ደግሞ የድብልቁ ወሰን ከሁለቱም ያንሳል፤ ዩሪያና አሞኒየም ናይትሬት ቢቀላቀሉ 20 በመቶ እንኳ በማይሞላ እርጥበት ይርሳሉ፤ ይህም ማለት በየትኛውም አገር አየር ላይ ሊቀመጡ አይችሉም ማለት ነው።

እርጥበቱ ብቻውን ድንጋይ አያደርግም። ድንጋይ የሚያደርገው የቀንና የሌሊት መፈራረቅ ነው። ሌሊት የፍሬው ገጽ ስስ ሆኖ ይሟሟል። ቀን ሲሞቅ ያ የሟሟው ደርቆ ወደ ክሪስታል ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን ጎረቤቱን ፍሬ ይዞ ነው። በእያንዳንዱ ሌሊትና ቀን በፍሬና በፍሬ መካከል ትንሽ ድልድይ ይሠራል። ከረጢቱ በከረጢት ላይ ሃያና ሠላሳ ተደርቦ ከተከመረ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ያጣብቀዋል፤ ድልድዩም ይወፍራል። በዚህ ላይ አቧራው አለ። ፍሬው ከመርከብ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ መጋዘን በተወረወረ ቁጥር ይሸራረፋል፤ ከሽርፍራፊው የሚወጣው ብናኝ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሞላል፤ መነካኪያውን ያበዛል፤ ደቃቅ በመሆኑም ለእርጥበት ከፍሬው ይልቅ ቶሎ ይሸነፋል። አቧራውና ድንጋዩ እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ጠላቶች አይደሉም። ድንጋዩን የሚወልደው አቧራው ነው። ገንፎ የሚያገነፋ ሰው ዱቄቱ ለምን እንደሚጓጉል ያውቃል፤ የመጋዘኑም ነገር ከዚያ ብዙ አይርቅም።

በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር ኦፓው የሚባል ሥፍራ አለ። ፍሪትስ ሃበር በ1909 ከአየር ናይትሮጅን አሞንያ መሥራት እንደሚቻል ካሳየ በኋላ፣ ካርል ቦሽ ያንን ወደ ፋብሪካ ለውጦ በ1913 ሥራ ያስጀመረው እዚያ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካው የአሞኒየም ሰልፌትና የአሞኒየም ናይትሬት ድብልቅ እያመረተ በትልቅ ጎተራ ያከማች ነበር። ድብልቁ በጎተራው ውስጥ ተጋግሮ እንደ ዐለት ይሆናል። በዶማ እንዳይፈነቅሉት ይከብዳል፤ ሠራተኛ ገብቶ ከሥሩ እንዳይቆፍረው ክምሩ ተንዶ ይቀብረዋል። ስለዚህ መላ ተገኘ፦ ጥቂት ጥቂት ድማሚት እያስገቡ ማላላት። ድብልቁ እንደማይፈነዳ በሙከራ ታይቷል ተባለ። ድማሚቱ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ተተኰሰ፤ አንድም ክፉ ነገር አልደረሰም።

መስከረም 21 ቀን 1921 ጠዋት ግን ደረሰ። በጎተራው ከነበረው 4,500 ቶን ያህል ድብልቅ ከፊሉ ፈነዳ። ከ500 በላይ ሰው ሞተ፤ ኦፓው ፈረሰች፤ ጎተራው በነበረበት ሥፍራ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ቀረ። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች እንደሚሉት ከአደጋው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የማድረቂያው ዘዴ ተለውጦ ነበርና ምርቱ ከቀድሞው የደረቀና የላላ፣ ደቃቁም የበዛ ነበር። የትናንትናው ሙከራ ለዛሬው ክምር አልሠራም። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስደነግጠኝ ድማሚቱ አይደለም፤ ልማዱ ነው። ሰዎቹ እብዶች አልነበሩም። በየጠዋቱ የተጋገረ ክምር የሚጠብቃቸው፣ መላ የመቱ ሠራተኞች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ክምሩን ማላላቱ ቀርቶ፣ መጀመሪያውኑ እንዳይጋገር ማድረጉ ሙያ ሆነ። ፍሬውን በሸክላ ዱቄት ወይም በዲያቶማይት ማልበስ፣ በሰም ወይም በቅባት መቀባት ተጀመረ። ይህም የራሱን ዋጋ አስከፈለ። በ1947 አሜሪካ ጦርነት ላደቀቃት አውሮፓ የምትልከውን አሞኒየም ናይትሬት፣ እንዳይጋገር በፓራፊን፣ በሙጫና በፔትሮሊየም ቅባት ቀብታ በወረቀት ከረጢት ሞላችው። ሰምና ቅባት ደግሞ የሚነድዱ ነገሮች ናቸው። ሚያዝያ 16 ቀን በቴክሳስ ሲቲ ወደብ ግራንካን የተባለች የፈረንሳይ መርከብ ከ2,000 ቶን በላይ ጭና ሳለች በሆዷ እሳት ተነሣ፤ ጥቂት ቆይቶም ፈነዳች። ወደ 600 የሚጠጋ ሰው አለቀ። የሟቾቹ ቤተሰቦች መንግሥትን ከሰሱ፤ ቅባቱም በክርክሩ ተነሣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1953 መንግሥት አይጠየቅም ሲል በየነ። በኦፓው ድንጋይነቱን ለማፍረስ፣ በቴክሳስ ደግሞ ድንጋይ እንዳይሆን ሲሉ ነው ሰው ያለቀው። በ2020 በቤይሩት ወደብ ለዓመታት ተረስቶ የኖረው 2,750 ቶን የዚያው ዘር ነበር።

አንባቢ እንዳይሠጋ ልናገር፤ የእኛ ገበሬ የሚገዛው ዩሪያና ፎስፈረስ ያለበት ፍሬ እንዲህ አይፈነዳም። የእኛ ጉዳት ድምፅ የለውም።

በመካከሉ የተገኘው መፍትሔ ግን ብልኃት የሞላበት ነው። ቀልጦ ፍል የሆነውን ዩሪያ ከረጅም ማማ ላይ እንደ ዝናብ ያዘንቡታል፤ ከታች ቀዝቃዛ አየር ይነፍስበታል፤ መሬት ሳይደርስ ክብ ፍሬ ሆኖ ይረጋል። ሌላው ዘዴ ፍሬውን በትልቅ በርሜል እያንከባለሉ ልብስ በልብስ እየደራረቡ ማሳደግ ነው፤ ይኸኛው የሚሰጠው ፍሬ ይተልቃል፤ ይጠነክራልም። አሜሪካኖች በአላባማ ማስል ሾልስ የሚገኘውን የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ቤተ ሙከራ ለዚህ ሙያ መድረክ አድርገውት ኖረዋል። ወደ ዩሪያው አንድ በመቶ የማይሞላ ፎርማልዴሃይድ ሲጨመር ፍሬው አይደቅም፤ ቶሎም አይጋገርም። ላዩ ላይ ትንሽ ዘይት ሲረጭ ብናኙ ይያዛል። በመጨረሻም ከረጢቱ አለ፦ ውጪው ሽምን ፕላስቲክ፣ ውስጡ ላስቲክ። ያ በዲላ ገበያ ስሙን ወርሶ የቀረው ከረጢት፣ የዚህ ሁሉ ሙያ የመጨረሻ ልብስ ነው።

ወደ አገራችን ማዳበሪያ በሰፊው መምጣት የጀመረው በ1960ዎቹ ማብቂያ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በገበሬ ማሳ ላይ የማሳያ ሙከራ አደረገ። በ1967 በስዊድን ርዳታ የጭላሎው ካዱ በአርሲ፣ በ1970 በዓለም ባንክ ብድር የወላይታው ዋዱ ተቋቋሙ፤ በ1971 ሚኒመም ፓኬጅ የተባለው መርሐ ግብር ሐሳቡን ወደ ሌሎች አውራጃዎች ይዞት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው የታወቀ ነው፤ ደርጉ መጣ፤ ሄደ፤ በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በአዲስ የማሳያ ማሳ ጀመረ፤ በ1995 መንግሥት ያንኑ አገር አቀፍ አደረገው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከረጢቱ ላይ የሚነበበው ዳፕና ዩሪያ ነበር። ስለ ምርቱ መጨመር፣ ትራክተር ስላፈናቀለው የጭላሎ ጭሰኛ፣ በ2001 እና በ2002 የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ ዕዳ ስለ ያዘው ገበሬ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚስበኝ መጋዘኑ ነው።

ዩሪያው ወይም ዳፑ አብዛኛውን ጊዜ ጅቡቲ የሚደርሰው ከረጢት ሳይኖረው ነው፤ በመርከብ ሆድ ውስጥ እንደ አሸዋ ፈስሶ። ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት ይሞላል። ያ ወደብ ሞቃትና ወበቃም ነው። ከዚያ በአፋር ደረቅ ቆላ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ለዲላ የሚመጣው ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከወበቅ ወደ ደረቅ፣ ከደረቅ ወደ ርጥብ አየር ተፈራርቆበት ነው። በየመናኸሪያው ጫኝና አውራጆች በጀርባቸው ያወርዱታል፤ ይወረውሩታል፤ ብናኙ ዐይናቸውንና ጉሮሯቸውን ይለበልባል። የተሸራረፈው ፍሬ መጋዘን ገብቶ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ መሬቱ ከሥር ያረጥበዋል፤ ግድግዳ ከተደገፈ ግድግዳው ያረጥበዋል። የእንጨት ርብራብ ከሥሩ ቢደረግለት፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ቢርቅ፣ ክምሩ ቢያንስ፣ ላዩ በላስቲክ ቢሸፈን አብዛኛው ይድናል። ይህ ሁሉ ፋብሪካ አይጠይቅም።

አንድ አማርኛ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በወቅቱ ሳይሸጥ ለከርሞ የተላለፈውን «የከረመ ማዳበሪያ» እንለዋለን። ከረመ ማለት ክረምቱን አሳለፈ ማለት ነው። ጨረታው ዘገየ፣ መርከቡ ዘገየ፣ መኪናው ታጣ ይባልና ማዳበሪያው ከዘሩ በኋላ ይደርሳል፤ ከዚያ በቃሉ እንደ ተባለው ክረምቱን በመጋዘን ይከርማል። ሌሊትና ቀን ድልድዩን ሲሠራ ከርሞ በሚቀጥለው በልግ ሲወጣ ቋጥኝ ሆኗል።

ያን ከረጢት በብድር የወሰደው ገበሬ መሬት ላይ አንከባልሎ በዱላ ይደበድበዋል፤ ይባስ ካለም በዘነዘና ይወቅጠዋል። ከዱላው የሚወጣው ደግሞ ፍሬ አይደለም፤ ግማሹ ጓል፣ ግማሹ ዱቄት ነው። ጓሉ የወደቀበት ቡቃያ ይቃጠላል፤ ጓል ያልደረሰው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ዱቄቱን ነፋስ ይወስደዋል፤ ላብ ያለበት እጅ ላይም ይለጠፋል። ንጥረ ነገሩ አልጠፋም፤ ኬሚስት ቢመረምረው 46 በመቶ ናይትሮጅን አለበት። ገበሬው የገዛው ግን ናይትሮጅን ብቻ አልነበረም፤ በቁንጥር ተለክቶ ለእያንዳንዱ ዘር እኩል የሚዳረስ ፍሬ ነበር። ድካሙንና የጎደለውን ምርት በዕዳ ደረሰኙ ላይ የሚጽፍለት የለም።

በ2012 የአገሪቱን አፈር በካርታ የማጥናት ሥራ ተጀመረ፤ አፈሩ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ድኝም፣ ቦሮንም፣ ዚንክም፣ ፖታሽም እንደሚያንሰው ተነገረ፤ ዳፕ ቀስ በቀስ ቦታውን ለኤንፒኤስ ለቀቀ። ለየአካባቢው የሚስማማ ድብልቅ እንዲያዘጋጁም በገበሬዎች ዩኒየኖች ሥር መደባለቂያ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ ከእነዚህ አንዱ በወራቤ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ከላይ ያነሣሁት ሕግ እዚህም አለ፤ ድብልቅ ከእናቶቹ ይልቅ ለእርጥበት ይሸነፋል። በዚያ ላይ ትልቁና ትንሹ ፍሬ በአንድ ከረጢት ሆነው በመኪና ሲንገጫገጩ ትንሹ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ከላይ የዘገነና ከታች የዘገነ አንድ ማዳበሪያ አልዘገኑም። ለአፈር የሚደረገውን ያህል ጥናት ለፍሬው ጠባይም ቢደረግ ባይ ነኝ። በያዩ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል፤ በ2025 ደግሞ በጎዴ ትልቅ የዩሪያ ፋብሪካ ለማቆም ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ቢሳካ ባሕሩ ይቀርልናል፤ ከደረቁ ኦጋዴን ወደ ርጥቡ ደጋ የሚወስደው መንገድ ግን አይቀርም።

አሁን ወደ ዲላ ልመለስ፤ ዲላ ፍሬ የመጠበቅን ሙያ ከማንም ሳትማር የምታውቅ ከተማ ናትና። በንጉሡ ዘመን የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ የደራሳ አውራጃ ዋና ከተማ ሳለች ጀምሮ ሕይወቷ ቡና ነው። ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ በመከር ወራት የቡና አልጋዎችን ተመልከቱ። የታጠበው ቡና በአልጋው ላይ ይሰጣል፤ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ያገላብጡታል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው ይሸፍኑታል። ውስጡ ያለው እርጥበት ወደ 11 እና 12 በመቶ ግድም ሲወርድ ይነሣል። ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻግታል፤ በጣም ቢደርቅ ሲፈለፈል ይሰባበራል። በምርት ገበያው ደረጃ ሲወጣለትም እርጥበቱ በመሣሪያ ይለካል፤ ርጥብ የሆነ ቡና ይመለሳል።

እንግዲህ ከአንድ ከተማ ሁለት ፍሬዎች ያልፋሉ። ወደ ውጭ የሚወጣው ፍሬ እርጥበቱ ይለካል፤ ይገላበጣል፤ ይሸፈናል፤ ይቀመሳል። ወደ ገበሬው የሚገባው ፍሬ ግን ክብደቱ ብቻ ይታያል። ልዩነቱ የዕውቀት ማነስ አይመስለኝም። የቡናው ገዥ «አልቀበልም» ማለት ይችላል፤ የማዳበሪያው ገዥ አይችልም።

አቧራም ቢሆን በዲላ እንግዳ አይደለም። ጀንፈል ቡና በሚፈለፈልበት ቤት የገለባው ብናኝ ከጣሪያ እስከ ወለል ይንሳፈፋል። የአዲስ አበባና የኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ የቡና ማበጠሪያ ፋብሪካዎች አቧራውን ለክተው፣ እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ከሌሎች ሠራተኞች ይልቅ ሳልና የትንፋሽ ችግር እንደሚበዛባቸው ጽፈዋል። ቡናውን የሚጠብቀው ጥንቃቄ የፈልፋዩን ሳንባ አልደረሰም ማለት ነው።

ከዚህ አቧራ ወጥቶ ወደ ጌዴኦ ጓሮ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው የአቧራ መጥፋት ነው። በላይ ዋንዛውና ብርብራው፣ ከእነርሱ ሥር እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጎን ቡናው፣ ወደ መሬት ሲቀርብ ቦዬውና ጎመኑ። ዝናቡ ቅጠል በቅጠል ተቀባብሎት ነው የሚወርደው። መሬቱ በረገፈ ቅጠል ስለ ተለበሰ በበጋ አይቦንንም፤ በፀሐይ አይጋገርም። ብርብራ ከባቄላ ዘመዶች ወገን ስለ ሆነ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ በቅጠሉ ያራግፈዋል፤ ሃበርና ቦሽ በእሳትና በብረት የሠሩትን እርሱ በዝግታ ይሠራዋል። ይህ ማዳበሪያ መጋዘን አይገባም፤ አይከርምም፤ ከወደቀበት ላይ ይበሰብሳል። ታደሰ ኪጴ በ2002 በኔዘርላንድ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት ይህን አኗኗር የአምስት ሺህ ዓመት ዕድሜ ሰጥተውት፣ በርእሱ ላይ ግን የጥያቄ ምልክት አኑረውበታል። በ2023 የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ደስታው ትልቅ ነበር፤ የጥያቄ ምልክቱ ግን ከቦታው አልተነሣም።

ምክንያቱም የቅጠሉ ሒሳብ የሚሠራው የወጣው ሲመለስ ነው። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ በጌዴኦ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር፤ መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ኖሮ ጓሮው ጠብቧል። ቀድሞ ቡናው በየቤቱ ደርቆ ሲፈለፈል ገለባው እዚያው ይቀር ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የማጠቢያ ጣቢያዎች ሲስፋፉ ግን ገበሬው ቡናውን በእሸቱ መሸጥ ጀመረ፤ ይህ ዋጋውንና ስሙን አሳድጎለታል፤ ይርጋ ጨፌ የተባለው ስም በዓለም የታወቀው በታጠበው ቡና ነው። የእሸቱ ሥጋ ግን ከጓሮው ተለይቶ ሄደ። በማጠቢያው ዳር ተከምሮ ይሸታል፤ አንዳንዱም ወደ ወንዝ ይገባል። በውስጡ ፖታሽ አለበት፤ ናይትሮጅንም አለበት። ይህ ሁሉ ከጓሮው የሚወጣው በምንድን ነው ብትሉ፣ በማዳበሪያ ነው፤ በዚያ ነጭ ከረጢት። ከረጢቱ ባዶውን ይገባል፤ የመሬቱን ስብ ሞልቶ ይወጣል።

ሽቅብ ወደ ቡሌ ስትወጡ ቡናው ይቀራል፤ ብርዱ ይመጣል፤ ገብስና ባቄላ ይተካል። በዚያ ደጋ ማዳበሪያ ከነይዘቱ ይገባል። ጉሙ ከጠዋት እስከ ረፋድ አይነሣም፤ የጨው ዕቃም ያላበዋል። ፍሬን የሚፈትኑ ባለሙያዎች ቀላል መመዘኛ አላቸው፦ ተከምሮ የቆየውን ከረጢት እስከ ወገብ ያህል አንሥተው በጠፍጣፋው ይጥሉታል፤ ከዚያ ከፍተው ምን ያህሉ እንደ ተፈታ፣ ምን ያህሉ ጓል ሆኖ እንደ ቀረ ያያሉ። መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል። የቡሌ ገበሬ በብድሩ ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት፣ ጎረቤቱን ጠርቶ አንዱን ከረጢት በመጋዘኑ ደጃፍ እንዲጥል፣ ያልተፈታውንም እንዲመልስ ቢፈቀድለት፣ በሚቀጥለው ዓመት ከመጋዘኑ ሲሚንቶ ላይ የእንጨት ርብራብ የሚነጠፍ ይመስለኛል።